ጌም የማይጫወት ሰው ኮንሶል የሚገዛው መቼ ነው?

[ምስል፦ ጆይስቲክ፣ ከቅርብ]

እስቲ ይህን ጆይስቲክ ልብ ብላችሁ እዩት። በሁለት አውራ ጣት የሚንቀሳቀሱ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች፣ በግራ አራት አቅጣጫ፣ በቀኝ አራት ቁልፍ፣ ከጀርባው ደግሞ ሌላ አራት። የለመደ ሰው ሳያይ ይነካቸዋል። ያለመደው ግን "እኔ አልችልበትም፣ እናንተ ተጫወቱ" ብሎ ይመልስላችኋል። ጨዋታ ጠልቶ አይደለም፤ ሰው ፊት መሳሳት ስለሚከብድ ነው።

አዲስ ኮንሶል፣ ማለትም የጌም ማጫወቻ ማሽን፣ በወጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ግራፊክስ ነው። አልፎ አልፎ የሚጫወተው ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እኔስ ልጫወተው እችላለሁ?

[ምስል፦ ነጭ ሪሞት የያዘ እጅ ሲወነጨፍ]

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ የተባለውን ኮንሶል ይዞ ሲመጣ የመለሰው ይህንኑ ጥያቄ ነበር። መቆጣጠሪያው የቴሌቪዥን ሪሞት ይመስላል። ቴኒስ መጫወት ከፈለጋችሁ ክንዳችሁን እንደ ራኬት ትወነጭፋላችሁ፤ በቃ። ዊ ስፖርትስ የተባለው ጌምም በአብዛኛው ገበያ ከኮንሶሉ ጋር በአንድ ካርቶን ይመጣ ስለነበር፣ ምን ልግዛ ብሎ መጨነቅ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 250 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ወር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ከ500 ዶላር ይጀምር ነበር። ዊ በአቅም ከተፎካካሪዎቹ በብዙ ያንሳል። ሆኖም ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ፕሌይስቴሽን 3ንም የማይክሮሶፍቱን ኤክስቦክስ 360ንም በለጠ።

የዋጋው ነገር ቀላል አይደለም። እኔ ግን ከዋጋውም አስበልጬ የማየው፣ ማየት ብቻውን ማስተማሩን ነው። ሶፋ ላይ ሆኖ ሌላው ሲጫወት ያየ ሰው ተራው ሲደርስ አስረዱኝ አይልም። ስላየው ገብቶታል።

ማይክሮሶፍት በ2010 ለኤክስቦክስ 360 በሚገጠም ኪኔክት በተባለ ካሜራ መቆጣጠሪያውን ጭራሽ አስቀረው፤ ካሜራው የሰውነትን እንቅስቃሴ ያነባል። በ60 ቀናት 8 ሚሊዮን ተሸጠ። ነገር ግን ከፊቱ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ለመጫወት የሳሎኑን ዕቃ ማንሳት ግድ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው "ነገ" ይባላል።

[ምስል፦ ዊ እና ዊ ዩ ጎን ለጎን]

በ2012 የወጣው የኒንቴንዶ ቀጣይ ኮንሶል፣ ዊ ዩ፣ ያስቆጨኛል። ስሙ ከበፊቱ ጋር ስለተመሳሰለ ብዙ ሰው ለዊ የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ መሰለው። ሽያጩ 13.5 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። ገዢው የጌም ዜና የማይከታተል ከሆነ፣ ስም ያደናገረውን ማን ያስረዳዋል?

የኒንቴንዶው ስዊች በ2017 ሲመጣ ማስታወቂያው ያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ቴሌቪዥኑ ላይ የጀመራችሁትን ጌም አንስታችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ያን ለመረዳት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎቹ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ተነቅለው ይወጣሉ። አንዱን ለራሳችሁ አስቀርታችሁ፣ ሌላውን "እናንተ ተጫወቱ" ላላችሁ ሰው መስጠት ትችላላችሁ።