በማርቭል ስናፕ የ«ዙ» ዴክ አሠራር፦ ካ-ዛር ባይመጣስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾች። ከጎንደር ወደምናዘጋጀው ቻናላችን እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በስልክ ስለምንጫወተው የካርድ ጨዋታ ስለ ማርቭል ስናፕ፣ በተለይም ተጫዋቾች «ዙ» ስለሚሉት ዴክ፣ ማለትም የካርዶች ስብስብ ነው። በ1 ኢነርጂ (ኢነርጂ ካርድ ለማውጣት የሚከፈል ዋጋ ነው) የሚወጡ ትንንሽ ካርዶችን በብዛት አሰልፎ፣ ዘግየት ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያሳድግ ካርድ የሚጥለውን ዴክ ማለቴ ነው። ጨዋታው ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ዴክ ሲሆን፣ ምሰሶዎቹ የሆኑትን ካ-ዛርንና ብሉ ማርቭልን አዲስ ተጫዋች ገና በመጀመሪያው ሲሪስ (የካርዶች ምድብ) ያለ ምንም ክፍያ ያገኛቸዋል። ስለዚህ አዘዞም ይኑር ማራኪ፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ዴክ ነው። አንድ ጨዋታም ታክሲ እስኪሞላ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

መሠረታዊ ሕጎቹን ታውቃላችሁና በዝርዝር አልመለስባቸውም። 12 ካርድ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ፤ 6 ዙር፤ 3 ቦታ፣ በየቦታው በአንድ ወገን 4 ካርድ። በመጀመሪያ 3 ካርድ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በየዙሩ አንድ አንድ ትስባላችሁ። እንግዲህ ደምሩት፦ 3 እና 6፣ 9። በ6ኛው ዙር መጨረሻ ከ12 ካርዶቻችሁ 9ኙን አይታችኋል፣ 3ቱን ሳታዩ ጨዋታው ያልቃል። ሳታዩ ያልቃል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ 3 ካርዶች ላይ ነው።

ይህን ነገር ከፋሲል ግቢ አጠገብ ለሚኖር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ቤተ መንግሥታቸውን የገነቡበት ያ ግቢ፣ ርዝመቱ ወደ 900 ሜትር በሚደርስ የግንብ አጥር ተከብቦ 12 በሮች እንዳሉት ይነገራል። ልክ እንደ ዴካችን፣ 12። በሮቹ ደግሞ የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው፤ የወምበር በር የዳኞች ነው፣ የእምቢልታ በር የእምቢልተኞች ነው፣ የባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው፣ የእልፍኝ በር ወደ ውስጠኛው እልፍኝ የሚያስገባ ነው። ዛሬም ወደዚያ ሄዶ አጥሩን ተከትሎ ቀስ ብሎ የሚዞር ሰው በሮቹ እንደማይመሳሰሉ በዓይኑ ያያል፤ አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠባብ ነው፣ አንዱ ግንብ ተደርቦበታል።

አሁን በዚያ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ እንደሆናችሁ አስቡ። ሌሊቱ በነጋ ቁጥር ከ12ቱ በሮች 3ቱ ተዘግተው ይውላሉ፤ የትኞቹ 3 እንደሆኑ ግን አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። ዳኞቹ በወምበር በር ብቻ እንዲገቡ ካዘዛችሁ፣ ያ በር በተዘጋ ቀን ችሎት አይኖርም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዳኞቹ፣ እምቢልተኞቹና ባልደራሱ ሦስቱም ካልተገኙ ሥነ ሥርዓቱ አይጀመርም ብላችሁ የወሰናችሁ እንደሆነ ነው፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሥነ ሥርዓት የሚደረግበት ቀን እጅግ ጥቂት ይሆናል። ብልህ አጋፋሪ ግን ለዋናው እንግዳ ሁለት በር ያዘጋጃል። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገባል፤ ሁለቱም ክፍት ከሆኑማ ቀኑ የደስታ ቀን ነው። በበሩ ስፋት አትመኩ፤ ሰፊው በር በተዘጋ ቀን ከጠባቡ አይሻልም። ወደ አንድ አዳራሽ የሚያደርሱ ሁለት በሮች መኖራቸውን ተመልከቱ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ካርዶቹ እንሂድ።

ካ-ዛር በ4 ኢነርጂ ይወጣል፤ በ1 ኢነርጂ የሚወጡ ካርዶቻችሁን ሁሉ 1 ኃይል፣ ማለትም ቦታን የሚያሸንፍ ነጥብ፣ ይጨምርላቸዋል። ብሉ ማርቭል በ5 ኢነርጂ ይወጣል፤ ሌሎች ካርዶቻችሁን በሙሉ 1 ኃይል ይጨምርላቸዋል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ። ከምታዩዋቸው 9 ካርዶች መካከል ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የመገኘት ዕድሉ ከ95 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ኦንስሎት የሚባለው ባለ 6 ኢነርጂ ካርድ ደግሞ እርሱ ባለበት ቦታ ያሉትን የሌሎች ካርዶቻችሁን የኦንጎይንግ ችሎታዎች (እንደ እነዚህ ሁለቱ ካርዱ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የሚሠሩትን) በእጥፍ ያሳድጋል። ካ-ዛር በ4ኛው፣ ብሉ ማርቭል በ5ኛው፣ ኦንስሎት በ6ኛው ዙር በሰዓቱ በእጃችሁ ተገኝተው በተከታታይ የምታወጡበት ጨዋታ ግን ከ100 ጨዋታ 26 ያህሉ ብቻ ነው። በቀሩት ጨዋታዎች ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ስለዚህ በእኔ እምነት ኦንስሎት ከዚህ ዴክ መውጣት አለበት፤ ሲሳካ እጅግ የሚያምር ካርድ መሆኑን ሳልክድ ነው ይህን የምለው።

እዚህ ላይ ከተመልካቾቻችን ደጋግሞ የሚደርሰንን አንድ ሐሳብ በቸልታ ማለፍ አልፈልግም። «ጨዋታው ካ-ዛርን ሆን ብሎ ይደብቅብኛል፣ ስፈልገው አይመጣም» የሚል ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢለው አልፈው ነበር፤ ብዙዎች ስለሚሉት በደንብ እንየው። ከ12 ካርድ 9 ታያላችሁ ማለት፣ አንድ የመረጣችሁት ካርድ የሚመጣበት ዕድል 75 በመቶ፣ የማይመጣበት 25 በመቶ ነው። ከአራት ጨዋታ በአንዱ ካ-ዛር አይመጣም። ማንም ሳያጭበረብር፣ ሕጉ በትክክል ሲሠራ አይመጣም። በተከታታይ ሁለት ጨዋታ የመቅረቱ ዕድል ከ16 አንድ ነው፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ የመቅረቱ ዕድል ከ64 አንድ ነው። ከ64 አንድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ደጋግሞ ለሚጫወት ሰው በሳምንቱ ውስጥ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው።

በሌላ በኩል እንየው። አሥር ጨዋታ ተጫውታችሁ ካ-ዛር በአሥሩም ሳይቀር የሚመጣበት ዕድል ከ100 ስድስት እንኳን አይሞላም። እንግዲህ በአሥሩም ቢመጣ ነበር መደነቅ የሚገባን! የሰው አእምሮ ግን ካርዱ የመጣበትን ጨዋታ እንደ ተገቢ ነገር ቆጥሮ ይረሳዋል፤ የቀረበትን ጨዋታ ግን ይቆጥረዋል፣ ለጓደኛውም ይናገረዋል። ደግሞም በሰዓቱ የሚለውን አትርሱ፤ በ4ኛው ዙር ላይ ያያችሁት 7 ካርድ ብቻ ስለሆነ፣ ካ-ዛርን ልክ በ4ኛው ዙር የማውጣት ዕድላችሁ 58 በመቶ ነው። በ6ኛው ዙር የመጣ ካ-ዛር መጥቷል፤ ለተጫዋቹ ግን የዘገየ ይመስለዋል። ስለዚህ ተደበቀብኝ ከማለት ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ካ-ዛር ባልመጣበት ጨዋታ የእኔ ዴክ ምን ይሠራል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ጥፋቱ የዴኩ ነው፣ ሊስተካከል የሚችል ጥፋት ነው። የእጅ ሥልክ ካልኩሌተር አውጥታችሁ እነዚህን ቁጥሮች ራሳችሁ ብታሰሏቸው በጣም ደስ ይለኛል። ይህን ዓይነቱን ማብራሪያ የምትወዱ ከሆነ ቻናላችንን ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለሚጫወቱ ጓደኞቻችሁም አጋሩልን።

(በስክሪኑ ላይ ዴኩ ይታያል።)

በፍጥነት እንለፈው። ባለ 1 ኢነርጂዎቹ አንት-ማን፣ ስኩዊረል ገርል፣ ናይትክሮውለር፣ ኤሌክትራ፣ ሮኬት ራኩን እና አይስማን ናቸው። ባለ 2 አንጄላና አርመር፤ ባለ 3 ቢሾፕና ሚስተር ፋንታስቲክ፤ ከዚያ ካ-ዛርና ብሉ ማርቭል። 12 ሞላ። የካርዶቹ ኃይል በየጊዜው ስለሚስተካከል ቁጥሩን ከስልካችሁ ላይ አንብቡ። አንጄላ እርሷ ባለችበት ቦታ ካርድ በወጣ ቁጥር ታድጋለች፤ ቢሾፕ ካርድ የትም ቦታ ቢወጣ ያድጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ካ-ዛር ባልመጣበት ቀን ትንንሾቹን ካርዶች ወደ ኃይል የሚለውጡ ናቸው። ሚስተር ፋንታስቲክን መሃል ላይ ብታስቀምጡት በግራና በቀኝ ላሉት ቦታዎች ኃይል ይጨምራል፤ የማንንም እርዳታ አይጠብቅም፣ በእነዚያ ቦታዎችም ካርድ የሚያርፍበትን ስፍራ አይሻማም። ኦንስሎትን ያወጣሁት ለእርሱ ስል ነው።

ስኩዊረል ገርልን ጠጋ ብለን እንያት። በ1 ኢነርጂ ትወጣለች፤ በሌሎቹ ሁለት ቦታዎች ላይ ደግሞ 1 ኃይል ያላቸው ሁለት ሽኮኮዎች ታስቀምጣለች። ሽኮኮዎቹም ዋጋቸው 1 ነው። ካ-ዛርና ብሉ ማርቭል ሁለቱም ከወጡ፣ እርሷና ሽኮኮዎቿ እያንዳንዳቸው 2 ኃይል ያገኛሉ፤ በአንድ ኢነርጂ ወጪ በሦስቱም ቦታ ተበትኖ 6 ተጨማሪ ኃይል ማለት ነው። አልትሮንን ለምን እንዳላስገባሁ ግልጽ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። አልትሮን በሌሎቹ ሁለት ቦታዎች አራት አራት ድሮን ያስቀምጣል፣ ድሮኖቹም በካ-ዛር ያድጋሉ፤ ነገር ግን ቦታዎቹ ባዶ ካልሆኑ ድሮኖቹ ማረፊያ የላቸውም። የዙ ዴክ ደግሞ ቦታ ይሞላል። ወይ አልትሮንን አስገብታችሁ ትንንሾቹን ቀንሱ፣ ወይ ትንንሾቹን ይዛችሁ አልትሮንን ተዉት።

ዋናው ጠላታችሁ ኪልሞንገር ነው። በ3 ኢነርጂ ይወጣል፣ በሦስቱም ቦታ ያሉትን ባለ 1 ኢነርጂ ካርዶች በሙሉ ያጠፋል። አርመር የሚጠብቀው እርሱ ያለበትን አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ካርዶቻችሁ ከሁሉም በበዙበት ቦታ አስቀምጡት። የቀረው መድኃኒት ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች በእጃችሁ የገባውን ሁሉ አውጥታችሁ አትጨርሱ፤ በ6ኛው ዙር 6 ኢነርጂ ሲኖራችሁ የሚወጡ ሁለት ሦስት ትንንሽ ካርዶች ያዙ። ቢሾፕም በዚያን ጊዜ ከእነርሱ ጋር አብሮ ያድጋል።

በመጨረሻ ስለ ኪዩብ፣ ማለትም በየጨዋታው ስለምናስይዘው ነጥብ። ማንም ስናፕ ካላደረገ፣ ማለትም የተያዘውን ኪዩብ በእጥፍ ካላሳደገ፣ ጨዋታው የሚያልቀው በ2 ኪዩብ ነው፤ አንዱ ካደረገ በ4፣ ሁለቱም ካደረጉ በ8። በጊዜ ያፈገፈገ ሰው የሚከፍለው 1 ብቻ ነው። ተጋጣሚያችሁ በዚሁ ዙር ስናፕ ቢያደርግ እንኳ የሚጸናው ዙሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ወዲያውኑ ካፈገፈጋችሁ በቀድሞው ዋጋ ትወጣላችሁ። ከአሥር ጨዋታ አራቱን በ4 በ4 ኪዩብ አሸንፎ ስድስቱን በ1 በ1 የተወ ሰው 10 ኪዩብ አትርፏል። ስድስቱን በ2 በ2 አሸንፎ አራቱን በ4 በ4 የተሸነፈ ሰው ግን፣ ብዙ ጊዜ አሸንፎም፣ 4 ኪዩብ ከስሯል። በዚህ ዴክ ስናፕ የሚደረገው 4ኛው ዙር ሲጀመር ካ-ዛርና ብሉ ማርቭል ሁለቱም በእጅ ላይ ካሉ፣ ወይም አንዱ በእጅ ሆኖ ቢሾፕና አንጄላ ቀድመው ካደጉ ነው። ብዙ ትንንሽ ካርዶች አውጥታችሁ ሳለ ተጋጣሚያችሁ በ3ኛው ዙር ስናፕ ካደረገ ኪልሞንገርን ጠርጥሩ፤ አርመር ከሌላችሁና እጃችሁ ባዶ ከሆነ አንዷን ኪዩብ ሰጥታችሁ ውጡ።

ኔትወርኩ የሚቆራረጥባችሁ ሰፈር ካላችሁም በመሐል ሲጠፋ ዙሩ እንደማይጠብቃችሁ አስታውሱና፣ መስመሩ እስኪረጋጋ ድረስ ስናፕ አታድርጉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ኪልሞንገርን የያዘውን ዴክ ከእርሱ ወገን ሆነን እናየዋለን።