«ባሕር የለንም» ላሉኝ፦ በድሬዳዋ በቀድሞ ተማሪዎች ቀን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ በአንድ ወንበር ለሦስት ተጠጋግተን የተማርን አብሮ አደጎቼ፣ ዛሬ በዚያው ወንበር የምትቀመጡ ተማሪዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን።

አዘጋጆቹ ስለ ስፖርት ሕይወቴ እንድናገር ሲጋብዙኝ በደስታ ተቀብያለሁ። ንግግሬን ጽፌ የመጣሁት ግን የተሰጠኝን ጊዜ ለማክበር ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት ይዤው የቆየሁት ቅሬታ አለኝ፤ በቃሌ ልናገረው ብል ንዴቱ እንዳይቀድመኝ ስለሰጋሁ ነው።

ሥራዬ ካይትቦርዲንግ ነው። ተወዳዳሪው ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ታጥቆ፣ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ከአንድ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ጋር ተያይዞ፣ በነፋስ ጉልበት ብቻ ውሃ ላይ የሚሮጥበት ስፖርት ነው። ክንፉን ካይት እንለዋለን። ጠርዙ በአየር የሚነፋውን፣ ውሃ ላይ ቢወድቅም ተመልሶ የሚነሣውን ዓይነት ካይት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጌኙ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በፈጠራ መብት አስመዝግበውታል። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ነገሩን ቀድመን እናውቀዋለን፤ በፌስታል፣ በጭራሮና በሲባጎ ሠርተን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያላበረርን ማን አለ? የእኛ ፌስታል ነፋሱ ሲበረታበት ሲባጎውን በጥሶ ይሄድ ነበር፤ ይኼኛው ሰውየውን ይዞ ነው የሚሄደው። የፊዚክስ መምህራችን እዚህ ተቀምጠዋል፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ጅቡቲ ባሕር ዳር፣ በደረቴ ስጎተት ነው።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባቡሩ ሲቆም ቤታችን ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፤ በብዙዎቻችሁ ቤትም የሆነው ያው ነው። በ2004 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ጅቡቲ ወዳለው አጎቴ ዘንድ ሄድኩና ከድሬዳዋ የሚመጣውን አትክልትና ፍራፍሬ ከመኪና ማራገፍ ጀመርኩ። እዚያ አርብ የዕረፍት ቀን ነው። በአንዱ አርብ ከሰዓት በኋላ ባሕሩን ልይ ብዬ ወጣሁ፤ ሰማዩ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ካይቶች ተዘርግተው አየሁ። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ከአሸዋው ዳር ቆሜ ቀረሁ። አንድ ጎልማሳ ፈረንሳዊ በእጁ ጠራኝና ካይቱን እንድይዝለት ጠየቀኝ። «አትወርውረው፤ ምልክት ስሰጥህ እጅህን ብቻ ክፈት» አለኝ። ቋንቋው የገባኝ አባቴ ከባቡር ሥራ ይዞት የመጣውን ፈረንሳይኛ በየማታው እራት ላይ ሲያስተምረን ጆሮዬ እየሰማ ስላደገ ነው። ምልክቱን ሰጠኝ፤ እጄን ከፈትኩ። ጨርቁ መዳፌ ላይ እንደ ዶሮ ጫጩት ተንቀጠቀጠና ተነሥቶ ሄደ። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ የአሥራ አንድ ሰው ካይት ያዝኩ፤ ሲጨርሱም ገመዳቸውን ጠቀለልኩ፤ ካይታቸውን በውሃ አጠብኩ። ሳንቲም ሊሰጡኝ ሲሉ አልቀበልም አልኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ለመጠየቅ አምስት ወር ፈጀብኝ።

ስጠይቀው ሰውየው መጀመሪያ ያለኝ «ዋና ትችላለህ?» ነው። አልችልም ነበር። የት እማራለሁ? ውሃ በድሬዳዋ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በዚያ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከክፍላችን ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ዛሬም በቁጥር አስታውሳቸዋለሁ። እናቴ በስልክ ዋና ልማር ነው ስላት «ውሃ የወሰደብን አይበቃም?» ብላ ዘጋችው። ሆኖም ተማርኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያለ ዕረፍት እስክዋኝ ድረስ ሰውየው ገመድ አላስነካኝም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በመጀመሪያው ትምህርቴ ካይቱ በድንገት ወደ ነፋሱ መሃል ሲወርድ ጎተተኝ፤ በደረቴ ዛጎልና ድንጋይ ላይ አለፍኩ። «ልቀቀው! ባሩን ልቀቀው!» እያለ ይጮኻል፤ ባር የምንለው ካይቱን የምንመራበትን የእጅ ዘንግ ነው፤ እኔ ግን ከገደል እንደሚወድቅ ሰው የበለጠ ጨበጥኩት። ካይት ላይ የመጨበጥ ትርጉሙ ተገላቢጦሽ ነው፤ እጅህን ስትለቅ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ስትጨብጥ ይበረታል። የሰው ሰውነት ይህን በፍርሃት ጊዜ እንዲያምን ማድረግ ከሁሉም ይከብዳል። ከዚያ ቀን የቀረልኝ ጠባሳ አሁንም ደረቴ ላይ አለ።

ከጅቡቲ ወደ ግብፅ ተሻገርኩ፤ ኹርጋዳ ላይ ጀማሪዎችን እያስተማርኩ መወዳደር ጀመርኩ። ስለ ውድድር ሕይወት በቴሌቪዥን የምታዩት ውሃው ላይ ያለውን ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ካይት ለሁሉም ነፋስ አይሆንም፤ ለቀላል ነፋስ ትልቁ፣ ለኃይለኛው ትንሹ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ካይት ተሸክመህ በየአውሮፕላን ማረፊያው ስለ ሻንጣ ክብደት ትከራከራለህ። ለቪዛ ትሰለፋለህ፤ አንዳንዴ ቪዛው የሚደርሰው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከደረስክም በኋላ ነፋሱ ላይመጣ ይችላል፤ አራት ቀን ሙሉ ቀበቶህን ታጥቀህ ጥላ ሥር ትቀመጣለህ። ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ ጉልበትህን ሰብስበህ ትጠብቀው እንደሆነ አይጠይቅህም። ጉልበቴ ተጎድቶ ስምንት ወር ውሃ ሳልነካ ቆይቻለሁ። የሽልማት ገንዘብ ትኬቴን እንኳ የሸፈነልኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኖረኝ ማስተማሩ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። መርጬው የገባሁበት ሥራ ነው፤ ነገም ብጠየቅ እመርጠዋለሁ።

የማልቀበለው ሌላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ለአንድ ዓለም አቀፍ የማጣሪያ ውድድር ለመመዝገብ ከአገሬ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ ካይትም፣ ትኬትም፣ ትጥቅም አልጠየቅሁም። ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከኹርጋዳ አዲስ አበባ መጥቼ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ወረቀቶቼን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ እኛ እኮ ባሕር የለንም» አሉኝ። ባሕሩ አይጻፍልኝ፣ ደብዳቤው ይጻፍልኝ አልኳቸው። ነገ ተመለስ አሉኝ። በነጋታው ሌላ ኃላፊ አገኘሁ፤ እሳቸውም «ባሕር የለንም» አሉ። በሦስተኛው ቀን ለሌለ ስፖርት የሚጽፍ ክፍል እንደሌለ ተነገረኝ። በአራተኛው ቀን በር ላይ ቆሜ ዋልኩ፤ ምዝገባው በዚያው ቀን እኩለ ሌሊት ተዘጋ። አሥር ዓመት ሙሉ በየባሕር ዳርቻው ሰው «ከየት ነህ?» ሲለኝ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ» ያልኩ ሰው፣ በገዛ አገሬ በር ላይ የሌለ ስፖርት ተወዳዳሪ ተብዬ ተመለስኩ!

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ካይት ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ገባ፤ ውድድሩም በማርሴይ ባሕር ላይ ተካሄደ። ኹርጋዳ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ሆኜ ተመለከትኩ። በወንዶች ወርቁን የወሰደው ቫለንቲን ቦንቱስ ነው፤ አገሩ ኦስትሪያ ናት። ተማሪዎች፣ ነገ ክፍል ስትገቡ ካርታ ላይ ፈልጓት። በስምንት አገሮች የተከበበች ናት፤ አንድ ስንዝር የባሕር ጠረፍ የላትም! ያላት ኖይዚድል የሚባል ሐይቅ ነው፤ ውሃው ከሰው ቁመት የማያልፍ፣ ነፋሱ ግን የማይጠፋ። የኦስትሪያ ልጆች እዚያ ካይት ያበርራሉ፤ «ባሕር የለንም» ብሎ የሚመልሳቸው ኃላፊ ቢኖር ኖሮ ያ ወርቅ የሌላ አገር አንገት ላይ ነበር። ነሐሱን ያገኘው ማክስ ሜደር ደግሞ ከሲንጋፖር የመጣ የ17 ዓመት ልጅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የ17 ዓመት ልጆች እጃችሁን አውጡ። እዩአቸው! ከእነዚህ ምን ይጎድላቸዋል?

ደግሞስ ለድሬዳዋ ሰው «ባሕር የለህም» ይባላል? ይህች ከተማ እኮ የተወለደችው ከባሕር በመጣ ሐዲድ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 311 ኪሎ ሜትር በረሃ አቋርጦ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የለም፣ ለገሃሬ የለም፤ የከዚራን ጥላ የሰጡን ዛፎችም አይተከሉም ነበር። አባቶቻችን ሕይወታቸውን ሙሉ ወደ ባሕር ሲመላለሱ ኖረዋል። የወደብ ጉዳይ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ስለ እሱ የሚናገሩ ብዙ ናቸው። እኔ የምናገረው ስለ ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ድንበር ላይ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ውሃውም ቢሆን አለን። ላንጋኖ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳር ወደ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ከፍ ያለ መጠን ያለው ካይት ይዞ መውጣት ነው እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። እዚያ በርሬ አውቀዋለሁ። ከቤታችን አጠገብ ያለው ሐረማያ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይተን አዝነን ነበር፤ ውሃው ተመልሷል። ጣና አለ፣ አባያ አለ።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ስፔናዊቷ ጊሴላ ፑሊዶ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2004 በአሥር ዓመቷ ነው፤ በማርሴይ የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው ኤሊ አልድሪጅ እንግሊዛዊት ናት። ይህ የጉልበት ስፖርት ነው የሚሏችሁን አትስሙ፤ ሸክሙን የሚይዘው ቀበቶው ነው፣ ክንድ አይደለም። አፍሪካዊ አይሆንለትም ለሚሉም፣ የኬፕ ቨርዴው ሚቱ ሞንቴሮ እ.ኤ.አ. በ2008 በሞገድ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ወላጆች፣ ከእናንተ የምለምነው ልጆቻችሁን ዋና እንድታስተምሩ ነው። ካይት ባይነኩም አስተምሯቸው፤ የምንኖረው ደቻቱ ዳር ነው።

እኔ ለዕረፍት የመጣሁት ለአሥር ቀን ነው። ለልምምድ የሚሆኑ፣ 2 እና 3 ካሬ ሜትር የሆኑ አራት ትናንሽ ካይቶች ይዣለሁ። ነገ ከቀኑ በ10 ሰዓት፣ ወንዙ ደረቅ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሌለበት ሰፊው አሸዋ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ ገመዱ ጣት ስለሚቆርጥ ጓንት ያለው ጓንት ይያዝ። የመጀመሪያውን ካይት ቆማ የምትይዝልን እናቴ ናት፤ እዚያ ከኋላ ተቀምጣለች፤ እንዴት እጅ እንደሚከፈት ትናንት ግቢያችን ውስጥ አሳይቻታለሁ።