ጎረቤት ነው ብለን አንዘናጋ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችን ዕቃ ወደ ውጭ መላክ የጀመርነው ወደ ትልቁ ጎረቤት ሀገራችን ነው። ገበያው ሰፊ፣ መንገዱ አጭር ነው። ዕቃው በመኪና ይደርሳል። «እዚሁ ነው እኮ» እንላለን። ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ይህችኑ አባባል ነው። ብዙ አስከፍላናለችና።

ጆን ማካለም የተባለ ካናዳዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። የካናዳ ክፍለ ግዛቶች በ1988 እርስ በርስ ያደረጉት ንግድ፣ በኢኮኖሚ ስፋትና በርቀት ከሚመጣጠኑ የአሜሪካ ግዛቶች ጋር ካደረጉት በ22 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ቋንቋው በአብዛኛው አንድ ነው፤ መንገዱም የተመቸ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን በጣም ዝቅ አድርገውታል። ድንበር ንግድን ይቀንሳል የሚለውን ግን አላፈረሱትም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጥናት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ጭነቴ ድንበር ላይ ዘጠኝ ቀን ቆመብኝ። ዕቃው እንከን አልነበረበትም። ጥፋቱ ኢንቮይሱ ላይ የጻፍነው የታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም ዕቃው ምን ዓይነት እንደሆነ ለጉምሩክ የሚነግረው ቁጥር ነበር። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሥርዓት ለሁሉም አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እያንዳንዱ ሀገር እንደራሱ ይቀጥላል። እኛ የራሳችንን እስከ መጨረሻው ገልብጠን ላክን። ከድንበሩ ማዶ ያ ቁጥር የሌላ ዕቃ ነበር። የመኪናውን የመቆሚያ ክፍያ ከፈልኩ፤ ገዢዬም ሌላ ሰው አገኘ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዕቃው የየት ሀገር ምርት እንደሆነ የሚያረጋግጠው የመነሻ ሀገር ምስክር ወረቀትም እንዲሁ ነው። የቀረጥ ቅናሽ ስምምነት ስላለ ብቻ ማንኛውም ዕቃ አይቀነስለትም። ከሦስተኛ ሀገር ያስገባነውን እዚህ አሽገን ብቻ ከላክነው፣ በአብዛኛው የእኛ ምርት ተብሎ አይቆጠርም። ምን ያህል እንደሠራንበት በሰነድ ማሳየት አለብን። ይህንንም መጠየቅ ያለብን ውል ከመፈራረማችን በፊት ነው፤ መኪናው ኬላ ላይ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ዕቃው የሚደረደርበትን ርብራብ፣ ፓሌትንም አትናቁ። ብዙ ሀገሮች ተባይ እንዳይገባባቸው፣ የእንጨት ፓሌት እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መሞቁን የሚያሳይ ማኅተም ይፈልጋሉ። ማኅተሙ ከሌለ ጭነቱ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር እንድንወስን እጠይቃለሁ። አዲስ አባላት የመጀመሪያ ጭነታቸውን ከመላካቸው በፊት፣ ልምድ ያለው አባል ሰነዳቸውን አብሯቸው ይይ። እኔ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለዚህ እሰጣለሁ። ከዕረፍት በኋላም ድንበር ላይ ጭነት የቆመባችሁ ሁሉ ሰነዱን ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ላይ እናየዋለን።