የተዋጊው ገመድ

እንደምን ዋላችሁ፣ ወዳጆቼ።

በአንድ ገመድ ልጀምር። ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው፣ ጠረጴዛ ከበን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነን በዳይስ በምንጫወተው ጨዋታ፣ ተዋጊ ሆኜ እየተጫወትኩ ነበር፤ ዘጠነኛ ደረጃ ደርሻለሁ። ከፊታችን ረጅም ግንብ አለ። ገመዴን አወጣሁ፣ መንጠቆ አሰርኩበት፣ ጠባቂው መቼ ዞር እንደሚል ማስላት ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ! አስማተኛው ጓደኛችን ከወረቀቱ ቀና አለና «እበራለሁ» አለ። አለቀ። እኔም ስልኬን አወጣሁ።

የተዋጊውና የአስማተኛው የኃይል ሚዛን ሲነሳ ብዙዎቻችን ማን ስንት ጉዳት አደረሰ ብለን እንቆጥራለን። ተዋጊ ግን በመምታት አይታማም። አስማተኛው የተቆለፈውን በር በድግምት ይከፍታል፣ ከጠባቂው ይሰወራል። ተዋጊው የሚሠራው ሥራ ራሱ ይጠፋል።

ድሮ አስማት ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሕግ ጀማሪ አስማተኛ አንድ ድግምት ብቻ ነበረው። ሕይወቱ በባለ 4 ገጽ ዳይስ ይወሰናል፤ የተዋጊው በባለ 10። ሲደግም ከተመታ ድግምቱ ይከሽፍበታል። ድመት ብትቧጭረው ያለቀለት ነበር ማለት ይቻላል። በ2008 የወጣው አራተኛ እትም የገጸ ባሕርይ ዓይነቶቹን ሁሉ በአንድ ልክ ሰፋቸው። ሚዛኑ ተስተካከለ፤ ብዙ ተጫዋች ግን «ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ» ብሎ አኮረፈ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

በ2014ቱ እትም ላይ ቆም እንበል። ለመሪው፣ ማለትም ታሪኩን እየተረከ ጨዋታውን ለሚያጫውተው ሰው፣ የተጻፈው መመሪያ በአንድ የጀብዱ ቀን ከ6 እስከ 8 ፍልሚያ ይጠብቃል። ኧረ ማን ነው ይህን ያህል የሚያጫውት? አብዛኞቻችን አንዴ ተዋግተን እንተኛለን። አስማተኛው ያለ የሌለ ድግምቱን አፍስሶ ጠዋት ሙሉ ሆኖ ይነሳል። ሰይፍ አያልቅም፤ ግን ይህ የሚጠቅመው ቀኑ ሲረዝም ነው።

ስለዚህ መሪዎች፣ እንቅልፍ ንፈጓቸው። እስረኛው ሲነጋ የሚሰቀል ከሆነ ማን ይተኛል? በአራተኛው ፍልሚያ አስማተኛው ባዶ እጁን ቀርቶ ከተዋጊው ጀርባ ሲሸሸግ አይቻለሁ። ደስ ይላል።

ሕግ ለምትጽፉ ደግሞ፦ እባካችሁ ለተዋጊው ሌላ ተጨማሪ ምት አትስጡት። ከውጊያ ውጭ የሚሠራው ነገር ስጡት። በዚያው በ1978ቱ ሕግ ዘጠነኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ምሽግ ሲያቆም የሚያገለግሉት ወታደሮች ይመጡለት ነበር። እኔ በዚሁ ደረጃ የነበረኝ ገመድ ነው።