ሐይቅን በጉሎ ዘይት ማዳመጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የዛሬው ክፍል ከሰው ጆሮ አቅም በላይ የሆነውን፣ ማለትም ከ20 ኪሎኸርዝ የሚያልፈውን የውኃ ውስጥ ድምፅ በአነስተኛ ወጪ ስለሚቀዳ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በትከሻ ቦርሳ ገብቶ ከደሴ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ካልተጓዘ፣ ከዚያም በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ካልተጫነ፣ ለእኔ ሥራ አይሆንም።

ስለ ዋጋ ስናስብ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በሃይድሮፎኑ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ በሚሰጥመው ማይክሮፎን ላይ ነው። የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳይተዋል፤ በዚሁ መርህ የሚሠራው የፒዞ ዲስክ ዛሬ ከተበላሸ ማንቂያ ወይም ከልጆች መጫወቻ ውስጥ ይወጣል። ለሁሉም ድግግሞሽ እኩል ስለማይነቃ የድምፁን ትክክለኛ ኃይል ለመለካት አልተማመንበትም፤ ድምፅ መኖሩንና መቼ እንደሚበረታ ለማወቅ ግን ይበቃል። ገንዘብም ትዕግሥትም የሚገባው ለማጉያው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዲስኩ የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑ በረጅም ገመድ ወደ ላይ ሲመጣ ገመዱ ራሱ ያዳክመዋል፣ የውጭ ረብሻም ይቀላቀለዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ማጉያ ከዲስኩ ጎን አድርጌ አብሮ እንዲሰጥም አደርጋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግን አሞላሉ ነው። ዲስኩ በተቀመጠበት ዕቃ ውስጥ አየር ከቀረ፣ ከውኃው የመጣው ድምፅ አየሩን ሲነካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተንጸባርቆ ይመለሳል። ስለዚህ ዕቃው አየር እንዳይቀርበት በፈሳሽ ይሞላል፤ ለዚህ ለብዙ ዘመን ያገለገለው የጉሎ ዘይት ነው፤ ድምፅን የሚያስተላልፍበት ጠባይ ለውኃ ይቀርባል፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ጉሎ ደግሞ በወሎ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ተክል ነው።

የሐይቅ ውኃም ለዚህ ሥራ ይመቻል። በባሕር ውስጥ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ከሚያደክሙት ዋነኛው የሟሟው ማግኒዥየም ሰልፌት ሲሆን፣ በ100 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጨው አልባ ውኃ ድምፁን እጅግ ርቆ እንዲሄድ ይፈቅድለታል።

በሰከንድ 192,000 ናሙና የሚወስድ መቅጃ የዚያን ግማሽ፣ ማለትም እስከ 96 ኪሎኸርዝ ይይዛል፤ በ16 ቢት በሰዓት 1.4 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ባትሪውንና ሜሞሪ ካርዱን ለመቆጠብ በየ10 ደቂቃው 1 ደቂቃ ብቻ እንዲቀዳ አድርጌዋለሁ፤ ለ12 ሰዓት ሌሊት ከ2 ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ይበቃዋል።