የአጎቴ ዜኒት፦ «ሞቷል» የተባለ ፊልም ካሜራ እንዴት ይነሳል?

[ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። አቧራ የለበሰ ካሜራ።]

ሰላም። ይሄን ካሜራ የሆነ ቦታ አይታችሁታል። እናንተ ቤት ባይኖር ጎረቤት አለ። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከሠርግ አልበሞቹ ጀርባ፣ ከነቆዳ ማኅደሩ ተወሽቆ።

ዜኒት ኢ ይባላል። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ የምትባል ከተማ አለች፤ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ነው የተመረተው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ «ብርቅ ዕቃ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁ ሰው ካለ ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ይሄኛው የአጎቴ ነው። በደርግ ጊዜ ነው ያገኘው። እንዴት እንዳገኘው በጠየቅነው ቁጥር ግን ታሪኩ ይቀየራል። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ያለው ቤታችን ውስጥ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ እሱም አያስታውስም። ባለፈው ክረምት አወረድኩት። የፊልም መሳቢያው እንደ ምንም ተሳበ፣ ቁልፉን ስጫነው መጋረጃው መሀል መንገድ ላይ ቆመ፣ ሌንሱ ጭራሽ አልዞር አለ። አጎቴ አየት አደረገውና «ሞቷል፣ ተወው» አለኝ።

አልሞተም ነበር። የዚያ ዘመን ካሜራዎች ብዙ ጊዜ «ሞቱ» የሚባለው ውስጣቸው ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚይዛቸው ነው። ዜኒት ኢ ባትሪ እንኳን የለውም። ሞላ፣ ጥርስ፣ መጋረጃ፣ በቃ። ከሞባይል ይልቅ ለግድግዳ ሰዓት የቀረበ ዕቃ ነው።

[ካሜራው ከኋላ ተከፍቷል።]

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት በሽታውን ዕወቁ። ፊልሙ ፊት ለፊት ሁለት ጥቁር የጨርቅ መጋረጃዎች አሉ። ቁልፉን ስትጫኑ የመጀመሪያው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎት ይዘጋል። ፊልሙን ብርሃን የሚያገኘው በመሀላቸው ባለው ክፍተት ነው። በ1/500 ሰከንድ ላይ ክፍተቱ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሁለቱ እኩል መሮጥ አለባቸው፤ ከፊት ያለው በደረቀ ዘይት ምክንያት ከዘገየ የኋለኛው ይደርስበትና ክፍተቱ ይጠፋል፣ ፎቶው በአንድ ጎኑ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ይሄን ያለ ፊልም ማየት ይቻላል። የኋላውን በር ክፈቱ፣ ሌንሱን አውልቁ፣ ወደ ሰማይ አዙሩትና በ1/500 ተጫኑ። ወደ ሰማይ ነው ያልኩት፣ ወደ ፀሐይ አይደለም፤ ዓይናችሁ ያስፈልጋችኋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ካያችሁ ደህና ነው። አንዱ ጎን ከጨለመ ሥራ አለባችሁ። ዘገም ያሉትን ፍጥነቶች ደግሞ በስልካችሁ ስሎው ሞሽን ቅረጹ። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ፣ በ1/30 ላይ መጋረጃው ወደ 8 ምስሎች ያህል ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። 15 ከቆጠራችሁ በግማሽ ፍጥነት እየሠራ ነው።

አሁን ጅልነቴን ልናገር። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን ይመስላችኋል? ዝገት የሚያስለቅቀውን ስፕሬይ ውስጡ ነፋሁበት። ሁለት ቀን እንደ አዲስ ሠራ፣ እኔም ሰፈሩን ሁሉ እየዞርኩ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ መጋረጃው ላይ ወርዶ ሁሉንም አጣበቀው። ያንን ዘይት ለማጽዳት የፈጀሁት ጊዜ ካሜራውን በትክክል ለመጠገን ከሚበቃው በላይ ነው።

ቅዳሜ ገበያ የማውቃቸው ሰዓት ሠሪ ጋር ይዤው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ይዩልኝ» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ዘይት የሚነፋ ሰው ሰዓት አይነካም» አሉኝ። ከዚያ ግን ትንንሽ ካቻቢቴዎች አዋሱኝ፣ አንድ ምክርም ጨመሩ፦ የእንቁላል ካርቶን ይዘህ ተቀመጥ፣ የፈታኸውን ብሎን በየተራው በየጉድጓዱ አድርግ። እኔ በዚያ ላይ እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። ስትገጥሙ ከመጨረሻው ፎቶ ወደ መጀመሪያው ነው የምትሄዱት።

ለማጽዳት የላይተር ቤንዚን ተጠቀሙ። ተኖ ይጠፋል። ላምባ እንዳትነኩ፣ ቅባት ትቶ ይሄዳል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አርቁ፣ ቡናውም ሌላ ክፍል ይፈላ። የላይተር ቤንዚኑን በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ እያነካካችሁ የመጋረጃው ዘንጎች መሽከርከሪያ ላይ፣ ጨርቁን ሳታስነኩ። ሲደርቅ የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ጠብታ እንኳን አይሞላም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ፍላሽ አብሮት የተሠራ ትንሽ ካሜራ ከሆነ ለጀማሪ አይከፈትም። ፍላሹን የሚሞላው ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ባትሪው ወጥቶም ቢሆን።

[ሌንሱ ብቻውን።]

እኔን በጣም የፈተነኝ ሌንሱ ነው። ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር። የትኩረት ቀለበቱ የማይዞረው ግራሶው ስለደረቀ ነው፣ እሱ ቀላል ነው፤ መፍታት፣ አሮጌውን ማጠብ፣ አዲስ ስስ ግራሶ መቀባት። ጣጣው ጥርሱ ላይ ነው። የጠርሙስ ክዳን ከየትም ብትጀምሩት ይገጥማል። የሌንስ ጥርስ ግን ብዙ መግቢያ አለው፣ ትክክለኛው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሲፈታ ሁለቱ ቁራጮች የተላቀቁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ካላደረጋችሁ፣ እኔ እንዳላደረግኩት ማለት ነው፣ ስትገጥሙት ይዞራል፣ ያምራል፣ ሩቅ ያለ ነገር ግን አጥርቶ አያሳይም። ከቤታችን ጣሪያ ላይ ሆኜ የፋሲል ግንብ ላይ አነጣጠርኩ። ግንቡ ጭጋግ ነው። ፈታሁ፣ ሌላ መግቢያ ሞከርኩ፣ ወጣሁ፣ ጭጋግ። በአምስተኛው የግንቡ ጉልላት ጥርት ብሎ መጣ። አጎቴ ከታች ሆኖ «ጣሪያዬን ልታፈርሰው ነው?» ይላል።

ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። የኛ ክረምት ለእሱ ድግስ ነው፣ የቆዳው ማኅደር ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ባሰው። ከፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ፣ በጥጥ ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉ። መስታወቱን በልቶት ከሆነ ግን ጠባሳው አይለቅም። ከዚያ በኋላ ካሜራውን ከማኅደሩ አውጥታችሁ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጡት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት።

የጃፓን ካሜራ ካላችሁ፣ ፔንታክስ ኬ 1000 ወይም ካኖን ኤኢ 1 ዓይነት፣ ሌላ በሽታ አላቸው። የበሩን ጠርዝ ከብርሃን የሚከላከለው ስፖንጅ በስብሶ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። በአልኮል ፍቃችሁ አውጡት። ምትኩ? ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱና የጥቁር ከፋይ ቁራጭ ጠይቁ። እኔ በነፃ ነው የሰጡኝ። ደግሞ የእነሱ ባለመስቀል ብሎን ለኛ ካቻቢቴ የሚሆን ይመስላል እንጂ ልኩ ትንሽ ይለያል፤ አስገድዳችሁ ካዞራችሁ ጭንቅላቱን ትበሉታላችሁ።

[ቆዳ፣ መቀስ፣ ማስቲሽ።]

ወደ ማስዋቡ። የዜኒቱ ልባስ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ላጥኩት፣ ቅርጹን ወረቀት ላይ ቀዳሁ፣ በዚያ ልክ የበግ ቆዳ ቆረጥኩ። ከሚሊ ሜትር የቀጠነ ካልሆነ ሌንሱ ሥር አይተኛም፣ ስለዚህ ጫማ ሰፊው አሳሳልኝ። በማስቲሽ ነው የለጠፍኩት። ማንገቻውን ደግሞ ከጠፍር። ብረቱን ግን ቀለም አልቀባሁም። የተላጠበት ቦታ የአጎቴ ጣት ያረፈበት ነው። ካሜራ እንደ አዲስ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፣ መብታቸው ነው፣ እኔ አይዋጥልኝም።

[ፋሲል መዋኛ፣ ጥር 11።]

የብርሃን መለኪያው አርጅቶ ይዋሻል፣ ስለዚህ አልሰማውም። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጉ፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርቡ። 200 ፊልም ነው ያለኝ፣ ስለዚህ 1/250። ለጥምቀት ጎንደር ላይ ከዚህ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም። አንድ ልጅ አጠገቤ መጥቶ «ጋሼ፣ አሳየኝ» ብሎ የካሜራውን ጀርባ ገልብጦ አየ። ስክሪን ፍለጋ ነው።

[የታጠቡት ፎቶዎች።]

ከ36ቱ 29ኙ ወጥተዋል። አራቱ የተበላሹት በእኔ ነው፣ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ረስቼ። ሦስቱ የቀኝ ጎናቸው ጠቁሯል፣ ሁሉም በ1/500 የተነሱ፤ ከታች በኩል ያለውን የመጋረጃ ማጥበቂያ ትንሽ መንካት ይፈልጋል ማለት ነው። ፎቶዎቹን ለአጎቴ ወስጄ አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸው። «ጎበዝ» አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ «በል አሁን ካሜራዬን መልስ»።

መለስኩ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቪዲዮ የምንፈታው ይሄን ዞርኪ የሚባል ሌላ የሶቪየት ካሜራ ነው። ዞርኪ እንደ ዜኒት ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልስ፣ መጋረጃውንም የሚጋርድ መስታወት የለውም፣ አንዱ ባለቤቱ ክዳን ሳያደርግ ፀሐይ ላይ ትቶት ሌንሱ ጨርቁን አቃጥሎታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርቼ ስቆጥር አምስት ቀዳዳ አገኘሁ።