ሜዳ ላይ «ጋሼ» የለም

(ደብረ ብርሃን ላይ ለመረብ ኳስ ዳኞች በተሰጠ የማነቃቂያ ስልጠና መክፈቻ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ!

ከቆላ የመጣችሁ፣ ብርዱ እንዴት አደረጋችሁ? የሸዋ ሮቢትንና የአጣዬን ሰው ለመለየት ስም መጠየቅ አያስፈልግም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ብሎ የሚገላምጠው እሱ ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣው ልጃችን ግን ይኸው በሸሚዝ ተቀምጧል። የመንዝ ሰው ይህን ብርድ ብሎ አይጠራውም።

አዘጋጆቹ ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት ተናገር ብለውኛል። እሱን ሌላ ሰው ይናገርላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ደብል፣ አንዲት ተጫዋች ኳሷን በተከታታይ ሁለቴ ስለነካችበት ጥፋት፣ ልነግራችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው ሸዋ ሮቢት ነው። የሴቶች ፍጻሜ፣ አምስተኛው ዙር፣ 13 ለ 13። የቦታውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። አንደኛ ዳኛ እኔ ነኝ። የዳኛ ማማ የሚባል ነገር ስላልነበረ ጠረጴዛ ላይ ወንበር አስረው እዚያ ላይ አውጥተውኛል። ከመረቡ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከእኔ ፊት ለፊት መሬት ላይ የቆመው ሁለተኛ ዳኛ ወጣት ነው፣ ልጄ ሊሆን የሚችል። ጎበዝ ነው፤ ዓይኑ አይስትም።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በሁለተኛው ዙር ሴተሯ፣ ለመቺዋ ኳስ የምታመቻቸው ልጅ፣ ኳስ ስታቀብል ይህ ልጅ ደረቱ ላይ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ አሳየኝ። ደብል ነው ማለቱ ነው። ሌላ ሰው እንዳያይበት ደበቅ አድርጎ፣ በሥርዓት ነው ያሳየኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጄን አወናጨፍኩበት። ተመልካቹ ሳቀ። አንዱማ ከዳር ሆኖ «አንተ ልጅ፣ አርፈህ ቁም!» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። እስከ ጨዋታው መጨረሻ አልፈታውም።

እና 13 ለ 13። ሴተሯ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ኳሷን ወደ ላይ ላከች። የታየኝ ማልያዋ ላይ ያለው ቁጥርና ክርኗ ብቻ ነው። የንክኪው ድምፅ ግን ደስ አላለኝም። ቶሎ ወደ ልጁ አየሁ። እሱ ጫማውን ያያል። መቺዋ መታች፣ 14 ለ 13። የሚቀጥለውም ገባ፣ አለቀ። የተሸነፉት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ተንሰቀሰቁ። አሰልጣኛቸው ሊሰድበኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ውሃ አቀበለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዛሁለት። አመስግኖ ተቀበለኝ፤ አልበላም። ወደ ጣርማ በር ወጣን። ዋሻው ውስጥ ገብተን ሲጨልም፣ ያኔ ነው አፉን የከፈተው።

«ጋሼ፣ ደብል ነበር።»

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላሳየኸኝም?»

ዝም አለኝ። ከዋሻው ስንወጣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ምን ብሎ ይመልስልኝ? መልሱ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ያለው።

አሁን ደንቡን እናንሳ። ደብልም ሆነ ኳስ መያዝ፣ ውሳኔው የአንደኛው ዳኛ ነው። ሁለተኛው ዳኛ ከሥልጣኑ ውጭ ያየውን ጥፋት ፊሽካ ሳይነፋ በምልክት ማሳየት ይችላል። ድርቅ ብሎ መከራከር ግን አይፈቀድለትም። ሁላችሁም ይህን ለፈተና ሸምድዳችሁታል። እኛ ግን «መከራከር አይፈቀድም» የምትለዋን ብቻ ይዘን «ማሳየት ይችላል» የምትለዋን ጣልናት!

ለምን እንደተፈቀደለት ደግሞ ሜዳው ራሱ ይነግራችኋል። ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። የአንደኛው ቡድን ሴተር ወደ አራት ቁጥር፣ መረቡ አጠገብ ወዳለው የቡድኗ ግራ ጫፍ፣ ስታቀብል ፊቷ ወደ እኔ ነው፤ አሥሩም ጣቷ ይታየኛል። የወዲያኛዋ ግን ወደ ራሷ ቡድን አራት ቁጥር ስታቀብል ጀርባዋን ነው የምትሰጠኝ። ዓይኔ ከመረቡ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢልም ጀርባ አይበሳም። ስለዚህ ሳላውቀው አንዷ ላይ ጥብቅ፣ ሌላዋ ላይ ልል እሆናለሁ። ቦታ ሲቀያየሩ አድልዎዬም አብሮ ይቀያየራል። በአምስተኛው ዙር ደግሞ 8 ላይ ሜዳ ይቀየራል። ያቺ ሴተር ጀርባዋን የሰጠችኝ ከዚያ በኋላ ነው። የተደበቁብኝ እጆች ከልጁ ፊት ለፊት ነበሩ።

ሁለተኛ ዳኞች፣ እናንተም አትሳቁ። ኳሷ ተሽከረከረች ተብሎ ብቻ ደብል አይባልም። በቡድኑ የመጀመሪያዋ ንክኪ ላይም በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ሁለቴ መንካት ይፈቀዳል። ከሰርቭ የተቀበለችውን ልጅ ሁለት ጣት ካሳያችሁባት ምልክታችሁን የሚያምን አንደኛ ዳኛ አታገኙም። ጎልቶ የታያችሁን፣ እሱ ሊያየው የማይችለውን፣ በቅጽበት አሳዩ። ከዘገየ ይቅር።

ነገሩ ያስቸገረው እኛን ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ በዩኒቨርሲቲ የሴቶች ውድድር እ.ኤ.አ. በ2024 በሁለተኛዋ ንክኪ ላይ ደብልን ፈቅደው ተገላገሉ፤ ኳሷ ወደ ጓደኛዋ እስከሄደች ድረስ ማለት ነው። እኛ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ስለምንዳኝ መገላገያው ገና አልመጣልንም።

እስከዚያው ያለችን እርስ በርስ መተያየታችን ናት። እሷን ደግሞ ማን እንደገደላት ልንገራችሁ። ይሉኝታ ነው! ታናሽ ታላቁን አያርምም ተብለን ነው ያደግነው። ለቤት ጥሩ ነው። ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሽምግልና ጥሩ ነው። ፊሽካ አንገታችን ላይ ካሰርን በኋላ ግን ጋሼ የለም! እትዬ የለም! ያለው አንደኛና ሁለተኛ ዳኛ ነው። የእኔ ሽበት የሴተሯን ጣት አያሳየኝም! ከፊታችን ያሉት ልጆች ዓመት ሙሉ ለፍተው እኛ አንዳችን ስንኮራ፣ ሌላችን ስናፍር ዋንጫቸውን ልንበላባቸው ነው?

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከጨዋታው በፊት ሁለታችሁ ቁጭ በሉና ምልክቱ የት እንደሚታይ፣ ምን ዓይነቱ ደብል እንደሚነፋ ተነጋገሩ። አንደኛ ዳኞች፣ ምልክቱን ባትቀበሉት እንኳ እጃችሁን አታንሱ። በዓይናችሁ «አይቼሃለሁ» በሉት፣ ያ ይበቃዋል። ከዙር ዙር ሲቀየርም ወረድ ብላችሁ ሁለት ቃል ተለዋወጡ። በመጀመሪያው ዙር ያሳለፋችሁትን ዓይነት ንክኪ በአምስተኛው አትንፉ።

ሌላም ጉዳይ ይዤ ነበር። የመስመር ዳኞች ባንዲራ አጥተው በሻርፕ ያጫውታሉ፤ ይታሰብበት። አበል ዘግይቷል፤ ይህን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የሚመለከታቸውም ከፊት ወንበር ላይ ስላሉ ሰምተውኛል።

ያ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ቀና ብሎ እያየኝ አይደለም። ከሻይ በኋላ ውጭ ሜዳው ላይ እንወጣና በተግባር እንሞክራለን። ሴተሮቹ ጀርባቸውን ለማማው ሰጥተው ይቆማሉ። ማማው ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ ከታች የምቆመው እኔ ነኝ። ጋቢ ያላችሁ ያዙ፣ ነፋሱ ከባድ ነው።